ታሪክን በቤት ውስጥ ከጥንት ምንጮች ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሦስት ልጆቼን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቤ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መጽሐፋችን የጥንት ሰዎች ራሳቸው የጻፉት ነው፤ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ዜና መዋዕል፣ ገድል፣ ደብዳቤ። የማውቃቸው ክርስቲያን ወላጆችም እንደዚሁ ማስተማር ጀምረዋል፤ አንዳንዶቹ ሲያስተምሩ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ተመሳሳይ ስህተት ደጋግሞ ማየት ስለሰለቸኝ ይህን ጻፍኩ። የመጀመሪያውን የፈጸምኩት እኔው ነኝ።

ልጅ ሲጠይቅ አፉን ማስያዝ

የጀመርነው በንጉሥ ዒዛና ጽሑፎች ነበር። በቀደሙት ላይ ንጉሡ ራሱን «ወልደ መሕረም» ይላል፤ መሕረም በአክሱም ይመለክ የነበረ ጣዖት ነው። በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ድል የሚሰጠው «እግዚአ ሰማይ» ሆኗል። በግሪክኛ በተቀረጸ ሌላ ድንጋይ ላይ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። በሳንቲሞቹም ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ይታያል። ይህን ሁሉ በደስታ ሳስረዳ ልጄ ቀና ብላ «አብርሃና አጽብሃ የታሉ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። መልስ ስላልነበረኝ «አሁን እሱን ተዪና አንብቢ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

መልሱ ከማንም የሚደበቅ አልነበረም። አብርሃና አጽብሃ የሚሉት ስሞች የመጡት ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው፤ በዒዛና ድንጋዮች ላይ አይገኙም። በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የተቀረጸው ድንጋይ ግን ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን በቤጃ ላይ እንዳዘመተ ይናገራል። ቅዱስ አትናቴዎስ ያቆየልን የሮም ንጉሥ የቆስጠንጢዮስ ደብዳቤም፣ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ እንዲላኩ ሲጠይቅ፣ የተጻፈው ለዒዛናና ለሳይዛና በአንድነት ነው። ሁለት ወንድማማች ነገሥታት የሚለው ትውፊት እዚህ ምስክር ያገኛል፤ ስሞቹ የተለያዩበትን ምክንያት ግን ድንጋዩ አይነግረንም። ይህን ብነግራት ኖሮ እምነቷ አይናወጥም ነበር።

ክርስቲያን ነገሥታትን ከራሳቸው ዜና መዋዕል መሸሸግ

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ አባት ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ስለነገሡት፣ ልጁን ሲያስነብብ አብሬ ነበርኩ። ንጉሡ የገዛ ልጆቻቸው በጣዖት አምልኮ ተከስሰው እንዲገረፉ ያደረጉበት ክፍል ሲደርስ፣ አባትየው ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠ። ልጁ አይቶታል። ልጅ ደግሞ አባቱ የዘለለውን ገጽ ሳያነብ አያድርም።

ያን ገጽ የጻፈው እኮ የንጉሡ ጠላት አይደለም! የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ያልሸሸገውን እኛ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የምንሸሽገው ለማን ብለን ነው? መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትንና የኦርዮን ነገር ሸሽጓልን? ናታን በንጉሡ ፊት ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ የለምን? «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ለሞቱ ነገሥታት ሲሆን አይሠራም ያለን ማን ነው?

በዚያው ዘመን የነበሩትን ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ ውሰዱ። የንጉሡ ዜና መዋዕል መናፍቃን ናቸው ይላቸዋል፤ ከተወገሩም በኋላ ከሰማይ ብርሃን እንደታየና ደብረ ብርሃን ስሟን ከዚያ እንዳገኘች ይተርካል። የራሳቸው ገድል ደግሞ ስለ እምነታቸው የተገረፉና የተሰቃዩ መነኮሳት ያደርጋቸዋል። ኦርቶዶክሱ ወላጅ ዜና መዋዕሉን ብቻ ያነብባል፤ ፕሮቴስታንቱ ገድሉን ብቻ። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ በሁለቱም አዝኛለሁ። ሕጉ «በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች» እያለ በአንድ ምስክር የምንፈርደው ለምንድን ነው? እኔ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ገጽ ገልብጬ ጎን ለጎን አስቀምጥና ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ይህን በመጻፉ ምን ያጣል? ያስቀመጥኳቸው ዕለት ልጆቼ እስኪመሽ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ለሁለቱም ወገን እንጸልይ ያለው ትንሹ ልጄ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ የጠሩትን የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ ስታስተምሩም፣ ከ1870 ዓ.ም. በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸውን አትዝለሉ። የጎረቤት ልጅ ከአያቱ ሰምቶታል፤ ልጃችሁ መጀመሪያ ከእናንተ ይስማ።

የተጻፈበትን ዘመን ከተነገረለት ዘመን ማምታታት

ክብረ ነገሥት በግዕዝ የቀረበው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከሰሎሞን ዘመን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይርቃል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚመሰክረው ጽፈው ያቆዩልን አባቶች ስለ ራሳቸውና ስለ ሀገራቸው ምን ያምኑ እንደነበር ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ለገድላትም ያው ነው፤ ቅዱሱ ካረፈ ከስንት ዓመት በኋላ እንደተጻፈ ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ስለ ሰነዱ እያወሩ ሰነዱን አለማሳየት

የውጫሌ ውል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። «ጣልያን አታለለን» ብላችሁ አትለፉ። ልጁ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል በጣቱ ይንካው፤ ከዚያ የጣልያንኛውን ትርጉም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚለውን፣ ያንብብ። ዐድዋ የተዘመተበትን ምክንያት ከዚያ ወዲያ ራሱ ይነግራችኋል።

የዘመን አቆጣጠር

የእኛን ከአውሮፓው፣ ዓመተ ዓለሙን ከዓመተ ምሕረቱ ሳትለዩ ሰነድ አትክፈቱ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለሙ እሱ ነው፤ ያም ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ልጆች ይህን ስሌት ይወድዱታል፤ ውጫሌ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዐድዋ በዘመነ ዮሐንስ መሆኑን ያገኙት የእኔዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ቤት ያለውን መርሳት

የአያት ዳዊት ኅዳግ ላይ የልደት፣ የክርስትናና የሞት ቀን ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው ትምህርት ከዚያ ቢሆን ደስ ይለኛል። የተቀደደ ብራና ላይ ግን በምንም ምክንያት ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ፎቶ አንሡት፤ ልጁ ከፎቶው ይገልብጥ፤ ዳዊቱ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ማኅደሩ ይመለስ።