ቀዩ መብራት ይበራል፣ ድምፃችን ግን አይደርስም

ከመኪኖቻችን ጋር የምንነጋገርበት፣ ቢሮአችን ውስጥ የተተከለው የቪኤችኤፍ (በጣም ከፍተኛ ድግግሞሽ) ቤዝ ሬዲዮ ከክረምቱ ወዲህ ግራ አጋባን። የመናገሪያውን ቁልፍ ስንጫን ቀዩ የማስተላለፊያ መብራት ወዲያው ይበራል፤ ሆኖም ከከተማው ራቅ ያሉት መኪኖች አይሰሙንም። እነርሱ ሲጠሩን አረንጓዴው የመቀበያ መብራት ብልጭ ይላል፤ ድምፃቸው ግን በጫጫታ የተዋጠ ነው።

መጀመሪያ ስኩዌልች የሚባለውን የጫጫታ ማፈኛ ጠረጠርሁ። ባዞረውም ለውጥ የለም። ማይክሮፎኑንም ቀየርሁ። የኃይል አቅርቦቱ ስናስተላልፍ እንኳ ከ13.5 ቮልት አልወረደም። ሁለት ቀን በዚህ ባከነ።

የሳትሁት ነገር ይህ ነው፦ ቀዩ መብራት የሚነግረን ሬዲዮው ወደ ማስተላለፍ መዞሩን ብቻ ነው። ኃይሉ ከአንቴናው ወጥቶ አየር ላይ መዋሉን አያሳይም። አዲስ ኦፕሬተር ሲሠለጥን ከሁሉም በፊት ይህ ሊነገረው ይገባል።

በሬዲዮውና ወደ አንቴናው በሚሄደው ኬብል መካከል የቆመ ሞገድ መለኪያ፣ ማለትም ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ መሣሪያ፣ አስገባሁ፤ 3 ለ 1 አሳየኝ። ከኃይሉ ሩቡ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል ማለት ነው፤ ሬዲዮውም ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል። በኬብሉና በአንቴናው ምትክ ባለ 50 ኦም መፈተሻ ጭነት (ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ የሚውጥ መሣሪያ) ስገጥም ንባቡ 1.1 ለ 1 ሆነ፤ የሚመለስ ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ሬዲዮው ጤነኛ ነው! ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከአንቴናው በኩል ነው።

ሬዲዮውን አጥፍተን ምሰሶው ላይ ወጣን። የአንቴናው ማያያዣ ሲፈታ ውሃ ፈሰሰ፤ መዳቡም አረንጓዴ ለብሷል። ማድረቅ አይበቃም፤ ውሃው በሽቦው ጉንጉን ውስጥ ወደ ታች ዘልቆ ይገባልና። ኬብሉን ከነማያያዣው ቀየርን፤ መገጣጠሚያውንም እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠቀለልነው። አሁን ንባቡ 1.3 ለ 1 ነው፤ ሩቅ ያሉት መኪኖችም በመጀመሪያው ጥሪ ይመልሳሉ።