በየ6 ደቂቃው አንድ ጠብታ፦ ስላይም ሞልድን ኢንዛይም ማሠራት

ይህን የምጽፈው ዲክቲዮስቴሊየም የሚባለውን ስላይም ሞልድ፣ ማለትም አፈር ውስጥ የሚኖር አሜባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትይዙ ተማሪዎች ነው። ሥራችን ሴሎቹ የሚጠራሩበትን ኬሚካል በምት እየሰጠን ያንኑ ኬሚካል የሚያፈርስ ኢንዛይም እንዲሠሩ ማድረግ ነው።

ይህ ስላይም ሞልድ ምግብ እስካለው ድረስ እያንዳንዱ ሴል ለየብቻው ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል። ሲርበው ነው መጠራራት የሚጀምረው። የሚጠራሩበት ኬሚካል ሳይክሊክ ኤኤምፒ መሆኑ የታወቀው በ1967 ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አስርቧቸው። በቀዝቃዛ የፎስፌት በፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ የጨው ውሃ) 3 ጊዜ እጠቧቸው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትንሽ ባክቴሪያ ከቀረ እሱን እየበሉ ይቆያሉ፤ ሰዓታችሁ ሁሉ ይዛባል። እኔ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ድረስ አላቆምም።

ከዚያ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን ያህል ሴል አድርጋችሁ፣ በሁለት ፍላስክ ከፍላችሁ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሼከር (ፍላስኩን የሚያወዛውዝ መሣሪያ) ላይ አስቀምጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲሆናቸው ለአንዱ በየ6 ደቂቃው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ጠብ አድርጉለት፤ ፍላስኩ ውስጥ 50 ናኖሞላር ገደማ ይበቃል። ለሌላው በፈር ብቻ። እንዲህ እያላችሁ 4 ሰዓት ያህል ቀጥሉ።

ለምን በየ6 ደቂቃው? ሴሎቹ ራሳቸው ሲጠራሩ የሚከተሉት ምት ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ አስቡት። ጭሱ ቤቱን ከሞላው ሽታው ከየት እንደመጣ አይለይም። መስኮት መከፈት አለበት። ለሴሎቹ መስኮቱ ፎስፎዳይስተሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ወደ ውጭ ያወጡትና ምልክቱን ያፈርሳል፤ ቀጣዩ ጥሪ ጎልቶ ይሰማል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ትእዛዙ የሚመጣው ከራሱ ከምልክቱ መሆኑ ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲበዛ ኢንዛይሙ በብዛት ይመረታል፤ ኢንዛይሙን ይዞ የሚያስረው ፕሮቲን ደግሞ ይቀንሳል። ምልክቱ ሲጠፋ አሳሪው ይመለሳል።

አንድ ቀን በየ6 ደቂቃው መነሳት ታክቶኝ ብዙውን በአንዴ ጨመርኩት። ሴሎቼ ጓደኛዬ በምት ካጠጣቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ። የማያቋርጥ ጥሪ ተቀባያቸውን፣ ማለትም ምልክቱን የሚሰማላቸውን የሴሉን ፕሮቲን፣ ያደነዝዘዋል። እባካችሁ ሰዓት ሙሉ።

ኢንዛይሙን ለመለካት ሴሎቹን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ወደ ታች አውርዱና ከላይ ያለውን ፈሳሽ ውሰዱ፤ ብዙዎች ተሳስተው ይደፉታል። የቀሩትን ሴሎች ምግብ በሌለው አጋር (ጄሊ መሰል ንጣፍ) ላይ ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ምቱን ያገኙት ቀድመው ይረዝማሉ፤ የአንዱ ራስ የሌላውን ጅራት ይይዛል፤ እንደ ጅረት ወደ አንድ ቦታ ይፈስሳሉ።