ቪዛው ሳይመጣ የሚወሰን ውሳኔ፦ ውጭ ሀገር ሄዶ ለመኖር ያሰበ ሰው ምን ይመርምር?

በየቤታችን የውጭ ሀገር ጉዞ ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ተሳካልህ ወይ?» የሚል ነው። ፓስፖርቱ ወጣ ወይ፣ ስፖንሰር ተገኘ ወይ፣ የኤምባሲው ቀጠሮ መቼ ነው እየተባባልን ወራት ይነጉዳሉ፤ «እዚያ መኖርስ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈበትን ቀን ውሳኔ ያደረገበት ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። ቪዛ የሌላ መንግሥት ፈቃድ ነው፤ ሄዶ መኖር ግን የእርስዎ የራስዎ ጉዳይ ነው። ይህን መመሪያ ስጽፍ በልቤ የያዝኩት እዚህ ሥራና ቤተሰብ እያለው «ልሂድ ወይስ ልቅር?» በሚል አሳብ እንቅልፍ ያጣውን ሰው ነው።

የአሜሪካን ዲቪ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሕጉ በዓመት ከ55,000 በላይ ቪዛ እንዳይሰጥ የሚገድብ ሲሆን፣ ዕጣው የሚደርሳቸው ሰዎች ቁጥር ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፤ ዕድሉም የአሜሪካ የበጀት ዓመት በሚዘጋበት በሴፕቴምበር 30 ያበቃል። ስለዚህ ዕጣው የደረሰው ሰው ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል እንጂ ለማሰብ ፋታ አያገኝም። ወዳጆቼ ቅጽ ሲሞሉ፣ ለጤና ምርመራ ሲሰለፉ፣ ቪዛው ቢከለከልም የማይመለሰውን 330 ዶላር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሲያሰባስቡ፣ የመኖሩ ጥያቄ አንድ ምሽት እንኳ ሳይነሣ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲደርሱ አይቻለሁ። ምክንያቱን መመርመር የሚገባው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት፣ ማንም በማያስቸኩልዎት ጊዜ ነው።

አንድ ደብተር ያዘጋጁና የሚሄዱበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ለብዙዎች ግን ከባዱ ሥራ ይኸው ነው። «ኑሮዬን ለማሻሻል» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የትኛው የኑሮዎ ክፍል፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በምን መንገድ እንደሚሻሻል እስኪታወቅ ድረስ ጥያቄውን መልሰው መላልሰው ይጠይቁ። የሚሸሹት ነገር ካለ እሱን ለብቻው ይጻፉት። የሚያስመርርዎት አለቃዎ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ደመወዝ ወይም የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከሆነ፣ ሥራ መቀየር ወይም ወደ ሐዋሳና ወደ አዳማ መዛወር መፍትሔ ይሆን እንደሆነ አስቀድመው በቅንነት ይመርምሩ። የሚሸሹት ለሕይወትዎ የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ደኅንነት ከሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይቀድማል።

ምክንያትዎ ማብቂያ ያለው መሆን አለመሆኑንም ይለዩ። «ለእናቴ ቤት ልሠራላት» የሚለው ዓላማ የገንዘብ መጠን አለው፤ ሲሞላ ያበቃል፤ ስለዚህ ሄዶ ሠርቶ መመለስን እንጂ የግድ ሀገር መቀየርን አይጠይቅም። «ልጆቼ እዚያ ተምረው እንዲያድጉ» የሚለው ግን ማብቂያ የለውም። በስድስት ዓመቱ የወጣ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «እንመለስ» ቢሉት፣ ለእሱ የሚመለስበት ሀገር ይህ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ሁለቱን ቀላቅሎ «ለአምስት ዓመት ብቻ» ብሎ ሲወጣ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ የውጭ ደመወዝን ወደ ብር እየለወጡ ማየት ይበልጥ አሳሳች ሆኗል። በዶላር የሚከፈለው ሰው የሚኖረውም በዶላር ነው። ስለዚህ ወደ ብር አይመንዝሩ፤ ይልቁንስ ለአንድ ወር የቤት ኪራይ ስንት ሰዓት መሥራት እንደሚያስፈልግ ያስሉ። ከዚያ መጓጓዣውን፣ ምግቡን፣ ግብሩን፣ የጤና መድኑንና ልጅ ካለ የልጅ መዋያውን በተመሳሳይ መንገድ በሰዓት ቆጥረው ከወሩ የሥራ ሰዓት ላይ ይቀንሱ። ለእነዚህ ቁጥሮች «አሜሪካ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም። በሚሄዱበት ከተማ፣ ሊሠሩት በሚችሉት ሥራ ላይ ያለ ሰው ይፈልጉና አንድ ተራ ማክሰኞን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲተርክልዎት ይለምኑት፦ በስንት ሰዓት ይነሣል፣ ከስንት ሰው ጋር ቤት ይጋራል፣ መኪና ከሌለው ሥራው ቦታ እንዴት ይደርሳል፣ ልጁ ቢታመም ማን ይይዝለታል፣ ሁለተኛ ሥራ ይዟል ወይ። በአሜሪካ የብዙ ሠራተኞች የጤና መድን ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራ ማጣት መድንንም ሊያሳጣ ይችላል፤ በጀርመን ደግሞ የጤና መድን ግዴታ ነው፣ ከደመወዝም ላይ ይቆረጣል። እንዲህ ያለው ልዩነት በደመወዙ ቁጥር ላይ አይታይም።

በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ሁለት ነገሮች አይዘንጉ። አንደኛው ገቢ የሌለባቸው የመጀመሪያ ወራት ናቸው። ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ እንዲያሳይ የተጠየቀው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሀገሩ ራሱ በወር 992 ዩሮ ከሌለ መኖር ያስቸግራል ማለቱ ነው። ሁለተኛው ወደ ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ምን ያህል እንደሚልኩ፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ እንደሚልኩ ከመሄድዎ በፊት ወስነው ለቤተሰብዎ በግልጽ ይንገሩ። ይህን ንግግር አፍረው የተዉ ሰዎች በሄዱ በሦስተኛው ወር የወንድም የትምህርት ክፍያ፣ የአክስት ሕክምና፣ የሰፈር ሠርግ ሁሉ በስልክ ይደርሳቸዋል፤ ለኪራይ የያዙትን ልከው ራሳቸው ተበድረው ይኖራሉ።

ሙያ ያለው ሰው ሌላም ጥያቄ አለበት። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚሉት አባቶቻችን ዕውቀቱ የማይታወቅለትን ሰው ሁኔታ በደንብ ያውቁ ነበር። ሐኪም በአሜሪካ ለመሥራት ተከታታይ የፈቃድ ፈተናዎችን ማለፍና እንደገና ሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚሰጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) መግባት ይጠበቅበታል፤ ነርስ ደግሞ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና ኤንክሌክስን ማለፍ አለባት። በጀርመን የነርስነት ማስረጃ እውቅና ከማግኘቱ ሌላ በቂ የጀርመንኛ ደረጃ፣ በአብዛኛው ቢ2 (ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው)፣ ይጠየቃል። ዕውቀቱ ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር የተያያዘው የሕግ ባለሙያ ከሁሉም ይበልጥ ይቸገራል። ስለዚህ «ከሙያዬ በታች ስንት ዓመት መሥራት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁና በቁጥር ይመልሱ። ማንኛውም ሥራ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ብሎ የገባ ሰው አሥረኛ ዓመቱ ላይ ራሱን እዚያው ሲያገኘው የሚሰማው ሐዘን ቀላል አይደለም፣ እኔም በቅርብ ዘመዶቼ አይቼዋለሁ። ወደ መሄዱ ካዘነበሉ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ከፍለው ዲግሪዎንና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትዎን፣ የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤዎን እዚህ እያሉ ይጨርሱ። ከሄዱ በኋላ ይህን ሁሉ በወኪል ማስፈጸም እጅግ አድካሚ ነው።

ወደ ዐረብ ሀገራት ለሥራ የሚደረግ ጉዞ በሌላ ሚዛን ይመዘናል፤ ብዙ ጊዜ ኮንትራት እንጂ መኖሪያ መቀየር አይደለምና። በከፋላ ሥርዓት ውስጥ የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከማዳሟ ጋር ያልተስማማች ሠራተኛ ቤቱን ጥላ ስትወጣ ሕጋዊነቷንም ልታጣ ትችላለች። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ያፈሩትን ይዘው ለመምጣት እንኳ ጊዜ አላገኙም። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ዋስትናን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ነው። እንግዲህ ማንም ሰው «የቪዛ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀ ሕጋዊው መንገድ እንዳልሆነ ይወቁና እዚያው ያቁሙ። በደላላ እጅ በኦቦክና በየመን፣ በመተማና በሊቢያ፣ ወይም በሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገውን ጉዞ ከአማራጮች ውስጥ አላስገባሁትም። ባሕርና በረሃ የቀሩት ልጆች እናቶች በየወረዳው አሉ፤ ከእነርሱ አንዷን ያነጋገረ ሰው ለምን እንዳላስገባሁት ይረዳኛል።

አሁን ደግሞ ወደሚተዉት ነገር ይመለሱ። ወላጆችዎ ስንት ዓመታቸው ነው? ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ማን ነው? የወንድምዎን ወይም የእህትዎን ስም በአሳብዎ ከመጥራት ይልቅ ራሳቸውን ጠርተው ይጠይቋቸው፤ እነርሱም የራሳቸው ዕቅድ ይኖራቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ይከብዳል፣ ግን አይዝለሉት፦ አባቴ ቢያርፍ ለቀብሩ መድረስ እችላለሁ ወይ? የሚሄዱበት መንገድ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ለዓመታት ከዚያ ሀገር እንዳይወጡ የሚያደርግ ከሆነ መልሱ «አልችልም» ነው፤ መርዶውን በባዕድ ሀገር፣ ምናልባትም ከሥራ ሲወጡ፣ ይሰማሉ። ይህን አውቀው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ ሳያውቁ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመውጣት በፊት የሚታዩ የሕግ ጉዳዮችም አሉ። መኖሪያ ቤት ካለዎት ውልና ማስረጃ ሄደው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይሰጣሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ልዩውን ያለ በቂ ምክንያት አይስጡ። የጡረታ አበል ለማግኘት በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን ይጠየቃልና፣ ወደዚያ ተቃርበው ከሆነ ጥቂት መታገሥ ያዋጣ እንደሆነ ያስቡ። መሥሪያ ቤትዎ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ይጠይቁ። ዕድርዎንም የሚከፍልልዎት ሰው ያዘጋጁ እንጂ አያቋርጡት። ውሎ አድሮ የሌላ ሀገር ዜግነት ቢወስዱ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነትዎ ይቀራል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ቢያስችልዎትም መምረጥና መመረጥን አይመልስልዎትም።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ምክንያታችሁን ለየብቻ ጽፋችሁ ከዚያ በኋላ ተለዋወጡ። አንደኛው ስለ ልጆች ሌላኛው ስለ ብድር ጽፎ ከተገኘ፣ ንግግሩ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

በወረቀት ያሰቡትን በተግባር መፈተንም ይቻላል። ጀርመን ለመሄድ ያሰበ ሰው ቀን ሥራውን እየሠራ ማታ ማታ አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ቋንቋውን እስከ ቢ1 ይማር፤ ይህን መቀጠል ካልቻለ እዚያ ሄዶ በድካምና በብርድ መሀል መቀጠሉ ያጠራጥራል። ከቤተሰብ ተለይቶ ኖሮ የማያውቅ ሰው ማንንም በማያውቅበት ከተማ ለጥቂት ወራት ሥራ ይዞ ይቀመጥ። ምክር ሲጠይቁ ደግሞ ሦስት ዓይነት ሰው ይፈልጉ፦ የተሳካለት፣ የተመለሰ፣ እና ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ያለ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው የመጨረሻውን ነው፤ የመጀመሪያው ደስታ አልፎበታል፣ መከራውንም ገና አልረሳውም።

ይህን ሁሉ ሠርተው ለመሄድ ከወሰኑ የመመለሻ ሁኔታዎን በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ፦ «እስከዚህ ቀን ድረስ ይህ ካልሆነ እመለሳለሁ።» የመመለሻ ትኬት ገንዘብ ማንም በማይነካው ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ቃሉንም ለወላጆችዎና ለአንድ ወዳጅዎ አስቀድመው ይንገሩ። ብዙዎች ሳይፈልጉ የሚቀሩት ትኬት አጥተው ሳይሆን «ባዶ እጁን መጣ» መባልን ፈርተው ነውና፣ ያ ቃል ቀድሞ የተነገረ መሆኑ በዚያን ጊዜ ይጠቅማል።

ለመቅረት ከወሰኑም ይህንኑ ለተመሳሳይ ሰዎች ይንገሩ። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» እያሉ ጋብቻውን፣ ማስተርሱን፣ የቤቱን ጣሪያ እድሳት ለዓመታት ያቆዩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አልሄዱም፣ እዚህም አልኖሩም። የተወሰነበትን ቀን ይጻፉ፣ ለዚህ ብለው ያቆዩትን አንድ ጉዳይ ይምረጡ፣ በዚያው ሳምንት ይጀምሩት።