ስለ አየር ንብረት ለውጥና ጤና ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ስላይድ ይከፈታል። ቀይ የበዛበት የዓለም ካርታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሽቅብ የሚወጣ መስመር፣ ቀጥሎ የሚቀልጥ በረዶ። ተሳታፊው አጨብጭቦ ይወጣል። ከባድ ሙቀት የመጣ ቀን ግን፣ ከሰዓት በኋላ ንግግራቸው የተምታታባቸውን አያቱን «ደክሟቸው ነው፣ ትንሽ ይተኙ» ብሎ በር ዘግቶባቸው ይሄዳል። ይህ ሰው ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተምሯል። አያቱ በሙቀት ተመትተው ሊሆን እንደሚችልና እያንዳንዷ ደቂቃ ሕይወት እንደሆነች ግን የነገረው የለም።

እኔ ይህን ትምህርት የምለካው በዚያች ከሰዓት ነው። የሰማው ሰው ያኔ ምን አደረገ? በዚህ ዓይን ስናየው ብዙዎቹ የለመድናቸው አካሄዶች አያዋጡም። አንድ በአንድ እንያቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከበረዶው መጀመር

የዋልታ ድብ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን ትምህርቱን ከዚያ ከጀመራችሁ፣ ነገሩ የሩቅ ቦታና የሩቅ ዘመን ጉዳይ እንደሆነ ለአድማጩ ራሳችሁ ነገራችሁት ማለት ነው። ከሰውነት ጀምሩ። እንቅልፍ ከሚነሳ ሌሊት፣ ጭስ ከሚያባብሰው አስም፣ ከጎርፍ በኋላ ከሚከተለው ተቅማጥ፣ ከትንኝ። ኤድ ማይባክ የተባሉት የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 ባሳተሙት አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ጉዳዩ በጤና በኩል ሲቀርብላቸው ለአየር ንብረት ለውጥ እምብዛም ደንታ ያልነበራቸው ሰዎች ጭምር በበጎ ተቀብለውታል። በተለይ የሳባቸው «እንዲህ ብናደርግ ጤናችን እንዲህ ይሻሻላል» የሚለው ክፍል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ለሚሠራ ሰው «ሙቀቱ ጨምሯል» ብሎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። በስንት ሰዓት ሥራ ያቆማል? ራሱን ሲያዞረው ምን ያደርጋል? ውሃ የሚያገኘው ከየት ነው? ትምህርታችሁ ከመልሱ ላይ ይነሳል።

ኦዞንን ከምድር መሞቅ ጋር መቀላቀል

«ኦዞን ስለተቀደደ ፀሐይዋ በረታች፣ ምድርም ሞቀች» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ይሄ በጣም ከመለመዱ የተነሳ የሚያስተምሩትም ሰዎች አሉ። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የኦዞን ሽፋን ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ነው። ያሳሱት በማቀዝቀዣና በስፕሬይ ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እነሱን ስላስቆመ ሽፋኑ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ምድርን በዋናነት የሚያሞቃት ግን የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ስናቃጥል፣ ደንም ስንጨፈጭፍ በከባቢ አየር ውስጥ የሚከማቸው ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው።

ይህ የመምህራን ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ያምታታ ሰው፣ ኦዞን እየዳነ ነው የሚል ዜና ሲሰማ የአየር ንብረቱም ጉዳይ አለቀ ብሎ ያርፋል። ከሙቀት ለመዳንም የፀሐይ ቅባት ይበቃኛል ይላል። ቅባቱ ቆዳን ከጨረር ያድናል እንጂ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ሙቀትን አያወጣም።

ሙቀትን እንደ ምቾት ማጣት ብቻ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በቀላሉ ልናድናቸው የምንችላቸው ሰዎች የሚሞቱት እዚህ ነው።

ጎርፍ ሲመጣ ካሜራ ይሄዳል። ሙቀት ግን ድምፅ የለውም። በ2003 በጋ በአውሮፓ ከ70,000 በላይ ሰዎች በሙቀቱ ሳቢያ እንደሞቱ የታወቀው በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ነው። በ1995 ሐምሌ በቺካጎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ አረጋውያን፣ ብቻቸውን የሚኖሩና በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ያልነበራቸው ናቸው። ስለዚህ «ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ሥር ሁኑ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ብቻውን የሚኖር ሰው በቀን ሁለቴ የሚጎበኘው ይፈልጋል። ይህን ለጎረቤት ማስተማር ከአንድ ሺህ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ሰዎች የማይነገራቸው ሌላው ነገር ላብ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለተንጠባጠበ አይደለም፣ ስለተነነ ነው። አየሩ እርጥበት የጠገበ ከሆነ ላቡ አይተንም፣ ሙቀቱም ውስጣችን ይቀራል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ ብዙም የማያስፈራ ቁጥር እያሳየ ሰው የሚወድቀው። ማራገቢያም እንደዚሁ ነው። አየሩ ከሰውነታችን ይልቅ እጅግ ሲሞቅ ማራገቢያው የሚነፍስብን ትኩስ አየር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ማራገቢያ እንዳንጠቀም ይመክራል። ሌሊቱን አትርሱ። ቀን የጋለው ቤት ሌሊት ካልበረደ ልብና ኩላሊት እረፍት አያገኙም።

ማን ቀድሞ ይጎዳል የሚለውንም በስም በስሙ ንገሩ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈሳሽ ቶሎ ያጥረዋል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ላብን ይቀንሳሉ። (ይህን ስትናገሩ ወዲያው «መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ» በሉ። እሱን ከዘለላችሁት ሌላ ጉዳት ታመጣላችሁ።) እርጉዝ ሴት በከባድ ሙቀት ጊዜ ያለጊዜዋ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። ሕፃን ደግሞ «ሞቀኝ» ብሎ አይናገርም።

አሁን ወደ አያትየው እንመለስ። በሙቀት የተመታ ሰው የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዋናው ምልክት ጭንቅላቱ ነው፤ ግራ ይጋባል፣ ይቀባጥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ሊያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን ሊስት ይችላል። «ቆዳው ካልደረቀ አይደለም» የሚለው የቆየ ትምህርት ስህተት ነው፤ እያላበውም ሊሆን ይችላል። አምቡላንስ ጥሩ፣ ግን እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አውልቁለት፣ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱትና አናፍሱለት። ራሱን ለሳተ ወይም ግራ ለተጋባ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞልም አይሠራም፤ ይሄ ትኩሳት ከኢንፌክሽን የመጣ አይደለምና። ለዚህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከስላይዱ ላይ ሦስት ግራፍ ቀንሱና ይህን አስገቡ።

ይሠራል ወይ ለሚል፣ የሕንዷን አህመዳባድን ይመልከት። በግንቦት 2010 በደረሰው ሙቀት ከወትሮው 1,344 ሰው በላይ ሞተባት። በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች፤ በቀለም የሚለይ ማስጠንቀቂያ፣ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ለሕዝቡ መልእክት። በኋላ የተሠራ ጥናት ዕቅዱ በዓመት በአማካይ ከአንድ ሺህ በላይ ሞት እንዳስቀረ ገምቷል።

«ሲሞቅ ወባ ይበዛል» ብሎ ማሳጠር

አጭር ነው፣ ለማስታወስም ይመቻል፣ ግን ጎደሎ ነው። ከ2000 እስከ 2015 ምድር እየሞቀች በብዙ አገሮች ወባ ቀንሷል፤ የአልጋ አጎበር፣ ጥሩ መድኃኒትና ፈጣን ምርመራ ስለተስፋፋ። ይህን የሚያውቅ አንድ አድማጭ ካለ ጥያቄው ውሃ ያነሳል፣ እናንተም የምትመልሱት ታጣላችሁ።

አሠራሩን ንገሩ። የወባ ተሕዋሲ ትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ገዳዩ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ዕድገቱን መጨረስ ያቅተዋል። ሞቅ ሲል ያፋጥነዋል፤ በጣም ሲግል ደግሞ ትንኟ ራሷ ቶሎ ትሞታለች። ስለዚህ ለውጡ ይበልጥ የሚያሰጋው ድሮ ብርዱ ይጠብቃቸው የነበሩትን ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በ2014 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ከፍታማ ቦታዎች ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ላይ እንደሚወጣ አሳይቷል። ጎርፍም አለ። ፓኪስታንን በ2022 ካጥለቀለቃት ጎርፍ በኋላ የወባ ሕሙማን ቁጥር ወደ አምስት እጥፍ አድጓል። እንዲህ ሲብራራ ሰው የአጎበሩን ጥቅም ይበልጥ ያያል እንጂ «ሙቀቱን ምን አደርገዋለሁ» ብሎ እጁን አያጥፍም።

ድርቅ ከትንኝ ያሳርፋል ብሎ ማለፍ

ብዙ ትምህርት ትንኝን ከዝናብ ጋር ብቻ ያያይዛል። ድርቅ ሲመጣ ግን ሰው ውሃ ያጠራቅማል፣ በበርሜልም በባልዲም። ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትወደው ይህንኑ ቤት ያለ ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በዕቃው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። እንቁላሉ እንደ ጥቁር አቧራ ስለሚመስል ዓይን አይሰጠውም። ውሃው ቢደፋ እንኳ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ «ውሃውን ድፉ» የሚለው መልእክት ግማሽ ነው። ግድግዳውን በብሩሽ ፍቁት፣ ክዳኑን ግጥም አድርጉት፣ በየሳምንቱ ድገሙት። በየሳምንቱ የምንለው ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ስለሆነ ነው። ይህች ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነው፤ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይመክታትም።

ቁጥር ማዝነብ

በየዓመቱ 250,000 ሰዎች ይሞታሉ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያጎድለዋል። ግምቱ ከ2030 እስከ 2050 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ተጨማሪ የሚደርሰውን ሞት የሚመለከት ነው፣ የሚቆጥረውም አራት ነገር ብቻ ነው፤ የምግብ እጥረት፣ ወባ፣ ተቅማጥና የሙቀት ጉዳት። «ዘንድሮ ይህን ያህል ሰው ሞተ» ማለትም አይደለም፣ የጉዳቱ ጠቅላላ ድምርም አይደለም። ቁጥር ከጠቀሳችሁ ሙሉውን ጥቀሱ። በአንድ ትምህርት ሁለት ሦስት ቁጥር ይበቃል።

ከዚሁ ጋር፣ አንድ ቀን ስለሞቀ ወይም አንድ ወንዝ ስለሞላ «ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ» አትበሉ። የአየር ንብረት የሚባለው ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው። «እንዲህ ያለው ሙቀት የመከሰት ዕድሉ ጨምሯል» ብትሉ እውነት ነው፤ ሲበርድም አታፍሩበትም።

አስፈራርቶ መተው

ይሄኛው ያናድደኛል። አንዳንድ ሰው አዳራሹ ዝም ካለለት ተሳካልኝ ይላል። ኪም ዊት የተባሉት ተመራማሪ ከ1992 ጀምሮ እንዳብራሩት፣ ሰው አደጋው ትልቅ ሆኖ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ የሚከላከለው አደጋውን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ ወይ «ውሸት ነው» ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የምታነሱት አደጋ እዚያው ላይ ሊደረግ ከሚችል ነገር ጋር ይታሰር።

የሚያበረታ ማስረጃ ሞልቷል። የዛሬዋ ባንግላዴሽ በ1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው አጥታለች። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታት የሞቱት ከሦስት ሺህ ጥቂት ከፍ የሚሉ ናቸው። ይህም ብዙ ሕይወት ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ግን ማስጠንቀቂያ፣ መጠለያና በር ለበር የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አድማጩን መውቀስም ከዚሁ ይቆጠራል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታዊ ፓነል (አይፒሲሲ) እንደሚለው ከቤተሰቦች ፍጆታ ከሚመጣው ልቀት ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ከፍተኛ ልቀት ካላቸው 10 በመቶ ቤተሰቦች ነው። መኪና ለሌለው ሰው «ምድርን አንተ ነህ ያበላሸሃት» ማለት ሐሰትም ግፍም ነው።

«ገባችሁ?» ብሎ መጨረስ

ሁሉም «አዎ» ይላል። ምን ይበል? ይልቅ ከመካከላቸው አንዱን «እናትህ አሁን ግራ ተጋብታ ብታገኛት አሳየኝ፣ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ተነስቶ ያሳያችሁ። ውሃ በአፏ ሊያፈስባት ከሄደ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ አስረድታችሁ አላስረዳችሁም። እንደገና በሌላ ቃል ንገሩት፣ እንደገና ያሳያችሁ። በርሜሉንም እንደዚሁ፤ ብሩሹን ስጡትና የቱ ጋ እንደሚፍቅ በጣቱ ያመልክት። ከቻላችሁ የሙቀቱ ወቅት ሲያልፍ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ማን ጎረቤቱን እንደጎበኘ፣ ማን ክዳን እንደገዛ፣ የቱን ማድረግ እንዳቃታቸውና ለምን እንዳቃታቸው ጠይቁ፤ የሚቀጥለውን ትምህርት ያቃታቸው ነገር ላይ ጀምሩ።