አዲስ የባሕር ቀለበታማ ትል ለሳይንስ ሲገለጽ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ «ትል» የሚለው ቃል የዝንብንና የቢራቢሮን እጭ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ወስፋት፣ ከእርጥብ አፈር የሚወጣውንም የመሬት ትል ሁሉ ስለሚጠራ፣ ስለየትኛው እንደምንናገር አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። እዚህ የምንመለከታቸው ሰውነታቸው በተከታታይ ቀለበቶች የተከፋፈለ፣ በየቀለበቱ ግራና ቀኝ ጸጉር ያዘለ የጎን እግር ያላቸው፣ ፖሊኪት የሚባሉት የባሕር ትሎች ናቸው። እስካሁን ከ11,000 በላይ ዝርያዎች ስም ያገኙ ሲሆን ገና ያልተሰየሙት ብዙ ናቸው። የአዲስ ዝርያ ገለጻ የሚጻፈው ለዛሬ አንባቢ ብቻ ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ትል ይዞ «ይህ ያኛው ነውን?» ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪም ጭምር ነው፤ ቀጥለው የሚነሱት ስህተቶች ያንን ሰው መልስ ያሳጡታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ገና በጀልባው ላይ ወይም በጠረፉ ነው፤ ይኸውም በሕይወት ያለውን ትል በቀጥታ አልኮል ውስጥ መክተት ነው። እንዲህ የተደረገ ትል ይኮማተራል፤ ብዙ ጊዜም ራሱን ይቆራርጣል፤ ጀርባቸው በቅርፊት የተሸፈነው ወገኖችም ቅርፊታቸውን ያራግፋሉ። የተበጣጠሰ ናሙና በኋላ በምንም ጥበብ ስለማይጠገን፣ ትሉን አስቀድሞ በማግኒዥየም ክሎራይድ ውህድ ማደንዘዝ፣ ቀለሙም በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚጠፋ በሕይወት ሳለ ፎቶግራፍ ማንሳት ይገባል። ቀጥሎ የሚመጣው የማቆያው ምርጫ ነው። ፎርማሊን ቅርጹን በሚገባ ይጠብቃል፣ ዲኤንኤውን ግን ይጎዳል፤ ኤታኖል ዲኤንኤውን ይጠብቃል፣ አካሉን ግን ያደርቃል፣ ይሰባብራልም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ራሱ ስህተት ነው። ከአንድ ጎን ጥቂት የጎን እግሮችን ወይም ከጅራቱ በኩል ቁራጭ ወስዶ በ95 በመቶ ኤታኖል ማስቀመጥ፣ የቀረውን በባሕር ውሃ በቀጠነ ፎርማሊን ካጸኑ በኋላ አጥቦ ወደ 70 በመቶ አልኮል ማዛወር ይቻላል። በዚህ መንገድ ቅርጹም ዲኤንኤውም ከአንድ ግለሰብ ትል ይገኛሉ፤ ያልተነካው ጎንም ለሥዕል ይተርፋል።

ሁለተኛው ስህተት ትሉ በየትኛው የሕይወት ደረጃ ላይ እንዳለ ሳይጠይቁ መሰየም ነው። ኔሬይስ የተባለው ትልና ዘመዶቹ ለመራባት ከባሕሩ ወለል ወደ ላይ ሲወጡ ዓይናቸው ይገዝፋል፣ የጎን እግራቸው መቅዘፊያ ይመስላል፣ ጸጉራቸውም ይለወጣል፤ በዚህ መልካቸው የተገኙት በአንድ ወቅት ሄትሮኔሬይስ የተባለ ራሱን የቻለ ጂነስ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ወገን) ተደርገው ነበር። አውቶሊተስ በተባሉት ላይ የደረሰው ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ ወንዶቹ ፖሊቦስትሪኩስ፣ ሴቶቹ ሳኮኔሬይስ እየተባሉ የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት በሁለት ጂነስ ስም ተጠርተዋል። አጥንት በላው ትል ኦሴዳክስም በዚህ ረገድ ሊታወስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ሰላጤ፣ 2,891 ሜትር ጥልቀት ላይ ከወደቀ የዓሣ ነባሪ አጽም ተገኝቶ በ2004 ሲገለጽ፣ ወንዶቹ በሴቷ ቱቦ ውስጥ የሚኖሩ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ደቂቃን እንደሆኑ ታውቋል። ቱቦውን ከፍቶ ያልተመለከተ ሰው የዝርያውን ግማሽ ሳያይ ገለጻውን ይጨርስ ነበር። ከዚህም በተጨማሪ የስንጥቦቹ (የመተንፈሻ አካላቱ) ብዛትና የሚጀምሩበት ቀለበት በብዙ ወገኖች ከትሉ መጠን ጋር ስለሚለዋወጡ፣ በአንድ ትልቅ ናሙና ላይ የታየን ቁጥር የዝርያው መለያ አድርጎ ማቅረብ አሳሳች ነው። ትንንሾቹንም ትልልቆቹንም ለክቶ ልዩነቱን በቁጥር ማስፈር ያስፈልጋል፤ ጅራት የጎደለው ናሙና ብዙ ስለሚያጋጥምም ከርዝመት ይልቅ በታወቀ ቀለበት ላይ የተለካ ስፋት የበለጠ ይታመናል።

ሦስተኛው ስህተት ሁለት ተቃራኒ ገጽታዎች አሉት። አንደኛው፣ ከሩቅ ባሕር ለተገኘ ትል የአውሮፓን የቆየ ስም ማልበስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሞንታጉ ከእንግሊዝ ዴቨን ጠረፍ የገለጸው ማርፊሳ ሳንጉዊኒያ ከጊዜ በኋላ በብዙ ውቅያኖሶች «ተገኘ» እየተባለ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ተመራማሪዎቹ ሃቺንግስና ካራጆርጎፑሎስ ለዝርያው ምትክ ዋቢ ናሙና (የዝርያው ስም የሚታሰርበትን ናሙና) ሰይመው እንደገና ሲገልጹት፣ በምሥራቅ አውስትራሊያ በዚያው ስም ይጠራ የነበረው ሌላ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ ማርፊሳ ሙላዋ ተባለ። ካፒቴላ ካፒታታም፣ ፋብሪሲየስ በ1780 ከግሪንላንድ ከገለጸው በኋላ፣ ብክለት ባለበት ሁሉ የሚገኝ አንድ ትል ተደርጎ ሲታይ ኖሮ፣ በ1976 ግራስል ባልና ሚስቱ በማሳቹሴትስ ብቻ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ቢያንስ ስድስት ዝርያዎች እንዳሉበት አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ በቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቶ፣ ካፒቴላ ቴሌታ የሚለውን የራሱን ስም ያገኘው በ2009 ነው። ሁለተኛው ገጽታ፣ ቀድሞ የተሰየመውን ሳይመረምሩ አዲስ ስም መስጠት ነው። መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ከዋቢ ናሙናው ጋር፣ እሱ ከጠፋም መጀመሪያ ከተገኘበት ቦታ ከመጣ ትል ጋር ማነጻጸር። ሥራው ደብዳቤ መጻጻፍና መጠበቅ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ይህን ያላደረገ ገለጻ ገና አልተጠናቀቀም እላለሁ።

በዲኤንኤ ብቻ መተማመን ሌላው ስህተት ነው። በመረጃ ቋት የተቀመጠው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በስህተት ከተለየ ትል የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ከሆዱ ውስጥ ካለው ምግብ የመጣ ዲኤንኤም ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በተቻለ መጠን ከዋቢው ናሙና ከራሱ መወሰድና ከሙዚየም ቁጥሩ ጋር መመዝገብ አለበት።

በገለጻው ጽሑፍ ላይ የሚታየው ድክመት ብዙውን ጊዜ ከአቆጣጠር ይመነጫል። «ስንጥቡ በአምስተኛው ይጀምራል» ሲባል፣ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀለበት ነው ወይስ ጸጉር ካወጣው የመጀመሪያ ቀለበት የሚለው ካልተነገረ አንባቢው በአንድ ወይም በሁለት ቀለበት ይስታል። «ረጅም» እና «ብዙ» የሚሉ ቃላትም ከምን አንጻር እንደሆነ ሳይገለጽ ምንም አይለዩም።

በመጨረሻ የስያሜው ደንብ አለ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ በአንቀጽ 16.4 ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ለሚወጣ የዝርያ ስም ዋቢ ናሙናው በግልጽ እንዲሰየምና የሚቀመጥበት ስብስብ ከነቦታው እንዲጠቀስ ያዛል፤ ይህ ካልተሟላ ስሙ በሕግ ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራል። ከ2011 በኋላ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ የሚታተም ሥራ ደግሞ አስቀድሞ የእንስሳት ስሞች መዝገብ በሆነው በዙባንክ መመዝገብ፣ የመመዝገቡም ማስረጃ በራሱ በሥራው ውስጥ መታየት አለበት። ናሙናውን በግል መሳቢያ አስቀምጦ «ወደፊት ለሙዚየም ይሰጣል» ብሎ ስብስቡን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይህን ደንብ አያሟላም።