ተንደርበርድን ከማጥፋታችሁ በፊት ይቺን ፎልደር ያዙ

አጎቴ ኮምቦልቻ ላይ መለዋወጫ ይሸጣሉ። ከአስመጪዎች ጋር የሚጻጻፉት ተንደርበርድ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ለየአስመጪው ፎልደር አላቸው፣ ደብዳቤ ሲገባ በፊልተር ራሱ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ ከስር ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ፊርማቸው አለ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍባቸው ደሴ ወጥተው ለጥገና ሰጡት። ፎርማት ተደርጎ መጣ። ፎቶው አለ፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው አለ፣ ተንደርበርድም ተጭኗል። ሲከፍቱት ግን እንደ አዲስ ሰው አካውንት አስገቡ አላቸው። ደብዳቤው በፖፕ፣ ማለትም ኢሜይልን ወደ ኮምፒውተር በሚያወርደው መንገድ እየወረደ ከሰርቨሩ ላይ ይጠፋ ስለነበር ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አንድ ፎልደር ኮፒ ቢደረግ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሌላ፣ የእናንተ ቅንብር ሌላ። ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ መልሳችሁ ብትጭኑት ቅንብራችሁ አይነካም፣ ምክንያቱም የሚቀመጠው ፕሮፋይል በሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያ ፎልደር አፕዳታ ከሚባለው ውስጥ፣ ሮሚንግ ስር ነው ያለው። አፕዳታ ደግሞ የተደበቀ ፎልደር ነው። ጠጋኙ ዴስክቶፕንና ዶክመንትን ብቻ ኮፒ አድርጎ ሃርድ ዲስኩን ሲያጸዳ አብሮ ይሄዳል። የአጎቴም የሄደው እንደዚያ ነው።

ለማግኘት ተንደርበርድን ክፈቱና ሄልፕ ውስጥ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን የሚለውን ንኩ። ፕሮፋይል ፎልደር ከሚለው ጎን ኦፕን ፎልደር የሚል አለ፣ እሱን ስትነኩት ቤቱ ድረስ ይወስዳችኋል። አሁን ተንደርበርድን ዝጉት። ይህቺን አትዝለሏት፣ ክፍት ሆኖ ኮፒ ከተደረገ ግማሹ ፋይል ተበላሽቶ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ወደ ላይ እየተመለሳችሁ ተንደርበርድ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ውሰዱት። እየመረጡ መውሰድ ይቅርባችሁ። ፓስወርድ ብቻውን እንኳን ሁለት ፋይል ላይ ተከፍሎ ነው የሚቀመጠው፣ አንዱ ከጎደለ ሌላው ዋጋ የለውም። ፊልተሮቹ በየአካውንቱ ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ የሰዎች አድራሻ ዝርዝር ሌላ ፋይል ላይ ነው።

ፍላሹን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ተንደርበርድ ደግሞ የኢንቦክስን ደብዳቤ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ለዓመታት የተጠራቀመ ኢንቦክስ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ባዶ ፍላሽ በኤክስፋት ፎርማት አድርጋችሁ ተጠቀሙ። መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ሲያልቅ ሁለቱም ፎልደሮች ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መጠናቸውን አስተያዩ፣ እኩል ካልሆነ ድገሙት።

ያንን ፍላሽ ደግሞ ለማንም አታውሱ። ፕራይመሪ ፓስወርድ (ተንደርበርድ ውስጥ የተቀመጡትን ፓስወርዶች የሚቆልፍ ፓስወርድ) ካላደረጋችሁበት ፎልደሩን ያገኘ ሰው የኢሜይል ፓስወርዳችሁን አነበበው ማለት ነው።

መመለሱ ቀላል ነው። ተንደርበርድን ጫኑ፣ ገና ሳትከፍቱት የያዛችሁትን ፎልደር ሮሚንግ ውስጥ መልሱት፣ ከዚያ ክፈቱ። ባዶ ሆኖ ከተከፈተ አብሽሩ፣ አልጠፋም። ከ2019 ወዲህ ያለው ተንደርበርድ ሌላ ቦታ ላይ ሲጫን ለራሱ አዲስ ፕሮፋይል ይፈጥራል፣ የናንተው ከጎኑ ተቀምጦ ነው። እዚህ ላይ ደንግጦ አካውንቱን እንደ አዲስ መሙላት ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ትራብልሹቲንግ ገጹ ላይ አባውት ፕሮፋይልስ የሚል ሊንክ አለ፣ እዚያ ገብታችሁ የድሮውን ምረጡና ዋናው አድርጉት። የምትጭኑት ደግሞ ከድሮው ጋር እኩል ወይም አዲስ ቨርዥን ይሁን። ፍላሽ ላይ የቆየ የድሮ ኢንስቶለር ካላችሁ ተዉት፣ አዲሱ የነካውን ፕሮፋይል አሮጌው አልከፍትም ይላል።

አፕዴት ብቻ ለምታደርጉ ጭንቀቱ ያነሰ ነው፣ ፕሮፋይሉ እዚያው ይቆያል። የሚቸግሩት አድኦኖች፣ ማለትም ተንደርበርድ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። በ2020 ቨርዥን 78 ሲመጣ ብዙ የድሮ አድኦኖች መሥራት አቁመዋል። ሥራችሁ አድኦን ላይ የቆመ ከሆነ መጀመሪያ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር መሥራቱን እዩ፣ ፎልደሩንም ያው ኮፒ አድርጉ።

ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ፒኤስቲ ፋይል ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ፊርማው ለብቻው ሮሚንግ ውስጥ፣ ማይክሮሶፍት ስር፣ ሲግኔቸርስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው።

ሁሉም ተመልሶ ገባ ስትሉ ለራሳችሁ አንድ ኢሜይል ላኩ። ፊርማው ከስር አለ? ፊልተሩ ደብዳቤውን ወደ ፎልደሩ ወሰደው? የድሮ ደብዳቤ ሲከፈት የተያያዘው ፋይል አብሮ ይከፈታል? ቢያንስ አንድ ሳምንት እስክትሠሩበት ድረስ ፍላሹ ላይ ያለውን አትሰርዙ።