ጠፍቶ የቀረ ወራሽ ያለበት ቤት ሲከፋፈል የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ውርስ ሊካፈል ከሚነሣው ቤተሰብ መካከል አንዱ ልጅ በመተማ በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት ጥቂት አይደለም። በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የከፋው «ሌላ ወራሽ የለም» ብሎ መፈረም ነው። ሽምብጥ ያለውን የአባታቸውን ቤት ሊካፈሉ የመጡ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። ማመልከቻው ላይ የሦስቱ ስም ብቻ ሰፍሯል። እናታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ቆዩና «ልጄስ? ከወረቀቱ ካወጣችሁትማ ቀበራችሁት» አሉ። አራተኛው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሊቢያ ነው። እናትየው በሕግም ልክ ነበሩ፤ ሰው ስለጠፋ ብቻ ድርሻው ለቀሪዎቹ አይተላለፍም። የአንዱን ስም ደብቀው ያወጡት የወራሽነት ማስረጃ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቀርበው የመሰከሩት ጎረቤቶችም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ።

ሁለተኛው የራቀውን እንደ ጠፋ መቁጠር ነው። ጅዳ ሆኖ በበዓል በበዓል የሚደውል ወንድም አልጠፋም። እዚያው ቆንስላ ቀርቦ ውክልና ይስጥ፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል።

ዝም ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል ይላል። የሚጠየቀው ሰውየው መጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ብዙዎች የሚቸገሩት ወሬው መቼ እንደቆመ በማስረዳት ላይ ነው። ስለዚህ የስልክ መልእክቱን አታጥፉ፤ አብረውት የወጡትን ጓደኞቹን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እኒያ እናት ልጃቸው የደወለበትን ቀን በጸሎት መጽሐፋቸው ሽፋን ውስጥ በእርሳስ ጽፈውት ኖሯል። እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚይዝ ቤተሰብ ብዙ ባገኝ ምንኛ በወደድኩ።

በድሮ ውክልና መሥራትም አደገኛ ነው። አባት በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ሲሞቱ ያበቃል። ወካዩ ጠፍቷል ተብሎ ሲወሰንም እንዲሁ ነው (አንቀጽ 2232)።

የጋራውን ቤት ያለ ሁሉም ባለድርሻ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም፤ አንቀጽ 1266 ግልጽ ነው። ሰው ግን «የእኔን መሬት ሸጥኩ» እያለ የመንደር ውል ይዞ ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የምንወርሰው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በአንጻሩ በአሜሪካዋ ቴክሳስ ከመሬት በታች ያለው ነዳጅ ሳይቀር የግል ሊሆን ይችላል። እዚያ የነዳጁ ባለድርሻ ተፈልጎ ሲጠፋ ፍርድ ቤት ባለአደራ ሊሾምለት ይችላል፤ የድርሻው ገንዘብም ይቀመጥለታል። ይህን ልማድ እኛም በኪራይ ላይ ብንከተለው እወዳለሁ። የጠፋው ሰው ድርሻ ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለ፣ ሲመለስ ሒሳቡን የሚያውቅ አይገኝም።

እነዚያ እህትማማቾች ማመልከቻውን ቀደው በአራት ስም አስጻፉ። ከሰርቪስ ቤቶቹ ኪራይ የወንድማቸውን ድርሻ በየወሩ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ያስገባሉ፤ ደረሰኞቹን የሚይዙት እናታቸው ናቸው።